ስለ «ፍትሕ» እና ስለ «ፉቱሕ» የተሰጠ መልስ

ከዓረብኛ ጋር የሚገናኘውን ቃል ሁሉ እንደ ባዕድ ቈጥረው ከአማርኛ ይነቀል የሚሉ ሰዎች አሉ። ክርክራቸውም ይህ ነው፤ እኛ «ፈትሐ» ከሚለው ግሥ ፍትሕን አገኘን፤ ዓረቦች ግን ከዚያው ድምፅ ወረራን አወጡ፤ ምስክሩም ሺሃብ አድ ዲን ስለ ኢማም አሕመድ ጦርነት የጻፈው መጽሐፍ «ፉቱሕ አል ሐበሻ» መባሉ ነው ይላሉ።

ይህ ግማሹን አይቶ ግማሹን የዘነጋ ክርክር ነው። በዓረብኛ «ፈተሐ» ማለት አስቀድሞ ከፈተ ማለት ነው። ስለዚህ ቁልፍ «ሚፍታሕ»፣ የቁርኣንም መክፈቻ ምዕራፍ «ፋቲሓ» ይባላል። አገርን ድል አድርጎ መያዝም በሯን እንደ መክፈት ተቈጥሮ «ፈትሕ» ተባለ፤ «ፉቱሕ» የዚህ ብዙ ቍጥር ነው። ዳሩ ግን የዓረብ የመዝገበ ቃላት ሊቃውንት፣ የየመን ሰዎች ዳኛን «ፈታሕ» እንደሚሉ ጽፈዋል፤ በግዕዝም ዳኛ «ፈታሒ» ነው። እንግዲህ ፍርዱ የእኛ ብቻ፣ ወረራው የእነርሱ ብቻ ነው ማለት ከወዴት መጣ?

የራሳችንንም ቃል እንመርምር። ቋጠሮ ይፈታል፤ እስረኛ ይፈታል፤ ሕልም ይፈታል፤ ትዳር ይፈታል፤ ለሞተ ሰው ጸሎተ ፍትሐት ይደረሳል። ድል የተመታውም ሠራዊት «ተፈታ» ይባላል። የጦር ሜዳው ትርጕም በእኛም ቤት አለ ማለት ነው።

«ፍትሐ ነገሥት»ን የሚጠቅሱልን ቢኖሩ፣ መጽሐፉ በ13ኛው መቶ ዓመት በግብፃዊው ክርስቲያን ሊቅ በኢብን አል አሳል በዓረብኛ ተደርሶ ኋላ ወደ ግዕዝ የተመለሰ መሆኑን ያስታውሱ። መጽሐፉ ከውጭ መጣ፤ «ፍትሕ» የሚለው ስሙ ግን ከቤት ተገኘ። ውሰትና ዝምድና ልዩ ልዩ ናቸውና። ውሰትን ለማየት የሚሻ ካዛንቺስን ይመልከት፤ በኢጣልያ ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ ከነበረው ድርጅት ስም የቀረ ነው። በ2017 ዓ. ም. ብዙዎቹ አሮጌ ቤቶች ሲፈርሱ እንኳ ስሙ አልፈረሰም፤ ሕዝቡ የራሱ አድርጎታልና። የተዋስነውን ስም እንዲህ ካከበርን፣ ከእኛው ቃል ጋር ከአንድ እናት የተወለደውን እንዴት እናባርራለን?

ጦርነቱ ያደረሰውን ጥፋት ማንም አይክድም። የሰው በደል ግን በቃል ላይ አይፈረድም። ቃልን በዘሩ የሚከስ ሰው፣ ነገ ቃሉን የሚናገረውን ጎረቤቱን መክሰሱ አይቀርም። ፍትሕ መፍታት ከሆነ፣ አስቀድሞ ይህ ቂም ይፈታ።