ሻንት ያለው ልጅ፣ የጀርባ ቀዶ ሕክምና እና የወላጅ ዝምታ



በመጣንበት አገር ልማድ በትልቅ ሰው ፊት አንደበትን መቆጠብ ጨዋነት ነው። ሐኪም ሲናገር አንገትን ደፍቶ ማዳመጥ፣ ያልገባን ነገር ቢኖርም «እሺ» ብሎ መነሣት ብዙዎቻችን ያደግንበት ነው። እኔም በዚህ አገር ኮሌጅ እንደገና ተምሬ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ እስክሆን ድረስ እንዲሁ ነበርሁ። ይህ ልማድ በብዙ ቦታ ያስከብራል። በአንድ ጉዳይ ግን ልጅን ለከባድ አደጋ ሊዳርግ እንደሚችል በሥራዬ ስላየሁ ስለዚያ ልጽፍላችሁ ወደድሁ።

ሴሬብራል ፓልሲ፣ በዕብራይስጥ ሺቱክ ሞሂን የሚባለው፣ በእርግዝና፣ በወሊድ ወይም በሕፃንነት ጊዜ በአንጎል ላይ በደረሰ ጉዳት ምክንያት የሰውነት እንቅስቃሴ የሚታወክበት ሁኔታ ነው። እርግማን አይደለም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። ከእነዚህ ልጆች አንዳንዶቹ፣ በተለይም ያለ ጊዜያቸው ተወልደው በአንጎላቸው ውስጥ ደም የፈሰሰባቸው፣ በጭንቅላታቸው ውኃ ስለሚጠራቀም ሻንት ይደረግላቸዋል። ሻንት ማለት ትርፉን ውኃ ከአንጎል ወደ ሆድ የሚያወርድ ቀጭን ቱቦ ነው፤ ከጆሮ ጀርባ ተነሥቶ በአንገትና በደረት ቆዳ ሥር ይወርዳል።

ልጁ እያደገ ሲሄድ፣ በተለይ መራመድ የማይችል ከሆነ፣ የጀርባው አጥንት ሊጣመም ይችላል። ጥመቱ ሲበረታ መቀመጥን ያስቸግራል፣ ሳንባንም ያጨናንቃል፤ ስለዚህ ሐኪሞች አጥንቱን በብረት ዘንግና በብሎን ያቀኑታል። ይህ ቀዶ ሕክምና ብዙ ልጆችን ጠቅሟል፤ አትፍቀዱ አልልም። ነገር ግን የተጣመመ ጀርባ ሲቀና የልጁ ቁመት በጥቂት ሰዓት ውስጥ ይረዝማል። ቱቦው አብሮ አይረዝምም። ለዓመታት በሰውነት ውስጥ የቆየ ቱቦ ኖራ መሰል ነገር እየተጋገረበት ይደርቃል፣ ከሥጋም ጋር ይጣበቃል፤ ሲሳብም፣ በተለይ በአንገት አካባቢ፣ ሊበጠስ ወይም ከመጋጠሚያው ሊላቀቅ ይችላል። ሁልጊዜ የሚደርስ ነገር አይደለም። ሲደርስ ግን ውኃው መውረጃ አጥቶ አንጎልን ይጫናል፤ በጊዜው ካልታከመ ሕይወትን ያሳጣል።

አስቸጋሪው ምልክቱን መለየት ነው። ማስታወክ፣ ራስ ምታት፣ ከባድ እንቅልፍ፣ መነጫነጭ፣ የሚጥል በሽታ መደጋገም የሻንት መበላሸት ምልክቶች ናቸው። ከቀዶ ሕክምና የወጣ ልጅ ደግሞ በማደንዘዣውና በሕመም ማስታገሻው ምክንያት ያስታውካል፣ ይተኛል። ነርሷ ታዲያ በምን ትለየው? ከእነዚህ ልጆች ብዙዎቹ አፍ አውጥተው «ራሴን አመመኝ» አይሉም። የዘወትር ጠባያቸውን የሚያውቀው ወላጅ ነው።

አንዲት እናት አስታውሳለሁ። በቀዶ ሕክምናው በአራተኛው ቀን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እኅቴ፣ ይህ እንቅልፍ የልጄ እንቅልፍ አይደለም» አለችኝ። ለሐኪሙ ነግራቸው እንደሆነ ብጠይቃት «ሥራ በዝቶባቸዋል፤ ደግሞስ እኔ ምን አውቃለሁ?» አለች። ለካ ከአንድ ቀን በፊት ጀምሮ ታውቅ ኖሯል! አስተርጓሚ ሆና የቆመችው የአሥራ አንድ ዓመት ሴት ልጅዋ ነበረች፤ እርሷም የእናቷን ነገር «ደክሞታል» ብላ አሳጥራዋለች። በልጅቱ አልፈርድም። የምፈርደው ሕፃንን በእንዲህ ያለ ጉዳይ መካከል ባቆምነው በእኛ በአዋቂዎቹ፣ በሕክምና ቤቱም ጭምር ነው። አብረን ገብተን ተናገርን፤ ልጁ ራጅ ተነሣ፤ ቱቦው አንገቱ ላይ ተላቅቆ ተገኘ፤ በዚያው ሌሊት ተጠገነለት።

«እኔ ምን አውቃለሁ» ለምትሉ፦ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ከመጀመሪያዎቹ ጥሩ የሻንት ቫልቮች አንዱን የሠራው ሐኪም አልነበረም፤ ልጁ በዚሁ ሕመም የተያዘበት ጆን ሆልተር የተባለ አሜሪካዊ የእጅ ባለሙያ ነበር።

አንዳንድ የሥራ ባልደረቦቼ «ገና የመጡ ሰዎችን ለምን እናስፈራራለን» ይላሉ። አልስማማም። በእስራኤል እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው የሕመምተኛ መብት ሕግ ሐኪሙ የሕክምናውን ጥቅምና አደጋ በሚገባን መንገድ እንዲያስረዳ ያስገድዳል፤ የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር በ2011 ያወጣው መመሪያም የጤና ተቋማት የቋንቋ ትርጉም እንዲያዘጋጁ ያዛል። አስተርጓሚ መጠየቅ ድፍረት አይደለም።

እንግዲህ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ልጃችሁ ሻንት እንዳለው ለጀርባው ሐኪም በቃላችሁ ንገሩ፤ በመዝገቡ ተጽፏል ብላችሁ አትተዉት። የአንጎል ቀዶ ሐኪም እንዲያየው፣ የቱቦው ሙሉ ራጅም አስቀድሞ እንዲነሣ ጠይቁ፤ በኋላ የሚነጻጸረው ከእርሱ ጋር ነው። ምልክቱ ወደ ቤት ከተመለሳችሁ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላም ሊመጣ ይችላል። የሆድ ድርቀትም የቱቦውን ፍሰት ሊያውክ ስለሚችል አትናቁት። ልጁ አልነቃ ካለ፣ ደጋግሞ ካስታወከ ወይም የሚጥል በሽታው ከበረታ እስኪነጋ አትጠብቁ፤ ወደ ሚዩን ውሰዱት ወይም ወደ ማጌን ዳቪድ አዶም፣ ስልክ ቁጥር 101፣ ደውሉ። ዕብራይስጡ ገና ካልተለማመዳችሁት ይህን ያህል ይበቃል፦ ለወንድ ልጅ «ዬሽ ሎ ሻንት»፣ ለሴት ልጅ «ዬሽ ላ ሻንት»።