በቤት የተዘጋ ፍቅርና በደጅ የቆመ ፍቅር

በ2012 ዓመተ ምሕረት (በአውሮፓ አቆጣጠር 2020) የኮሮና ወረርሽኝ ሰውን በየቤቱ ባስቀመጠ ጊዜ፥ በአሜሪካ አገር «ፍቅር በኮሮና ዘመን» የተባለ ባለ አራት ክፍል የቴሌቪዥን ድራማ ተሠርቶ ነሐሴ 16 ቀን ፍሪፎርም በተባለው ጣቢያ መታየት ጀመረ። ስሙ ጋብርኤል ጋርሲያ ማርኬዝ ስለ ኮሌራ ዘመን ፍቅር ከጻፈው ልብ ወለድ የተቀዳ ነው።

ባዕድ ከባዕድ ጋራ መቀራረብ የሚያስፈራ ስለ ነበረ፥ አዘጋጆቹ ከሩቅ ሆነው እየመሩአቸው ተዋንያኑ በገዛ ቤታቸው ተጫወቱት። ሌስሊ ኦዶምና ኒኮሌት ሮቢንሰን በእውነት ባልና ሚስት ሲሆኑ በድራማውም ባልና ሚስት ሆኑ። ጊል ቤሎውስና ራያ ኪልስቴት ግን በእውነት ተጋብተው ሳሉ፥ ተለያይተው ስለ ልጃቸው ሲሉ አብረው የሚኖሩ መስለው ታዩ፤ ልጅ ሆና የተጫወተችውም የራሳቸው ልጅ ናት።

ይህን ሥራ የሚነቅፉ ሰዎች «ሬሳ በበዛበት ወራት ስለ ፍቅር መጫወት ነውር ነው» ይላሉ። ነቀፋቸው ከንቱ ነው። ሐዘንተኛውን እህል ቅመስ ብሎ የሚለምን ጎረቤት ሬሳውን ናቀ አይባልምና።

የሚያመሰግኑት ደግሞ «በሩ ቢዘጋ ፍቅር አልተዘጋም» ይላሉ። የእነዚህ ስሕተት ይብሳል። በአንድ ጣራ ሥር የተዘጉ ሰዎች ቢጣሉም እንኳ ይተያያሉ፤ ለመታረቅም አንድ ሌሊት ይበቃቸዋል። የዚያ ዘመን ፈተና ግን ሌላ ነበረ። የታመመ ባሏን በመስኮት ብቻ ያየች ሚስት፥ የእናቱን ድምፅ በስልክ ሰምቶ ከቀብሯ የቀረ ልጅ፥ እነርሱ ተፈተኑ። ቀርቦ መዳሰስ መግደል ሊሆን በቻለበት ወራት መራቅ ራሱ የፍቅር ሥራ ሆነ።

ድራማው ይህን ፈጽሞ አልሳተም። ኤል ስኮት ካልድዌል የተጫወተቻት ናንዳ፥ ባሏ በማገገሚያ ቤት ተኝቶባት ሳለ የጋብቻቸውን 50ኛ ዓመት በዓል አልተውም ያለች ሴት ናት። የሌሎቹ ታሪክ ሰም ነው፤ የእርሷ ወርቅ ነው። የድራማው ጥፋት ይህን ወርቅ ከሌሎቹ ታሪኮች እንደ አንዱ ቈጥሮ ማለፉ ነው። ደግ ባለቅኔ ሰሙን አቅልጦ ወርቁን ያወጣል እንጂ ወርቁን በሰም አይቀብርም።

እንግዲህ ስለዚያ ዘመን የሚጽፍ ሁሉ አብረው ከተዘጉት አስቀድሞ በደጅ የቀሩትን ይጠይቅ። ይህ ካልሆነ ግን መጪው ትውልድ ያን ዓመት የባልና ሚስት የዕረፍት ወራት አድርጎ ያስበዋል፤ ዘመድ ሳይዳስሳቸው የሞቱትም ሁለተኛ ብቻቸውን ይቀራሉ።