ከመንገዱ በፊት ባልንጀራውን

በክረምቱ እረፍት ባለቤቴና እኔ፣ ሙኒክ የሚኖረው ወንድሟ ባዋሰን መኪናና ብስክሌት የአልፕስን ተራሮች ለማየት ወጥተን ነበር። ብስክሌቱ አንድ በመሆኑ ዕቅዳችን አንዳችን ብስክሌት ስንጋልብ ሌላችን መኪናውን እንድናሽከረክር፣ በማግሥቱም እንድንለዋወጥ ነው። ነገሩ ቀላል ቢመስልም ምክክር እንደሚሻ የተማርነው ሰሜን ጣሊያን ውስጥ፣ ስቴልቪዮ በሚባለው የተራራ በር ላይ ነው።

ይህን መንገድ ያሠራው ሎምባርዲን ከቲሮል ጋር ለማገናኘት የፈለገው የኦስትሪያ መንግሥት ነው። ሥራው ካርሎ ዶኔጋኒ በተባለ መሐንዲስ መሪነት እ.ኤ.አ. ከ1820 እስከ 1825 ተከናወነ። በሩ ከባሕር ጠለል በላይ 2,757 ሜትር ላይ ይገኛል። ከፕራቶ መንደር እስከዚያ 24 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ በዚህ ርቀት ውስጥ ከ1,800 ሜትር በላይ ሽቅብ ይወጣል። 48 መታጠፊያዎች አሉት፤ ቁጥራቸው ከታች በ48 ይጀምርና አናቱ ላይ 1 ይሆናል።

የመጀመሪያው ቀን ብስክሌተኛ እኔ ነበርኩ። ባለቤቴ «የት የት ልጠብቅህ?» ብትለኝ፣ «ግድ የለም፣ አናቱ ላይ እንገናኝ» አልኳት። ቀኑ ሞቃት ስለነበር ጃኬቴን መኪናው ውስጥ ተውኩት፤ ስልኬም ኪሱ ውስጥ ቀረ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይኸው ነው።

ከትራፎይ መንደር በላይ ደኑ እየሳሳ ሲሄድ ነፋስ ተነሣ፤ ዝናብም ተከተለ። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ሙቀት በአማካይ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ ከፕራቶ ተነሥቶ አናቱ ላይ የሚደርስ ሰው 12 ዲግሪ ያህል የቀዘቀዘ አየር ይቀበለዋል። ይህንን ክፍል ውስጥ ስንት ጊዜ አስተምሬዋለሁ! ጣቶቼ ፍሬን መጨበጥ እስኪያቅታቸው ደነዘዙ። እንዳልመለስ፣ በራሰ ልብስ ቁልቁል መብረር ከመውጣቱ ይልቅ ያበርዳል። መታጠፊያ 14 ላይ ግንቡን ተጠግቼ ቆምኩ።

ጥቂት ቆይቶ መኪናችን ከላይ ስትወርድ አየኋት። ባለቤቴ አናቱ ላይ ከአንድ ሰዓት በላይ ጠብቃ፣ ዝናቡን ስታይ ተመልሳ ነው። ጃኬቱን አለበሰችኝ፤ ከፔርሙሱ ሻይ ቀዳችልኝ። ቁጣ ስጠብቅ ቀስ ብላ፣ «አንተ የምትወጣውን ዳገት ታውቀዋለህ። እኔ ግን ወድቆ ይሆን፣ መኪና ገጭቶት ይሆን እያልኩ ነበር። መጠበቅም ዳገት አለው» አለችኝ። መልስ አጣሁ። የቀረውን መንገድ ብስክሌቱን ጭነን አብረን በመኪና ወጣን።

በማግሥቱ ተራው የእሷ ነበር፤ ከቦርሚዮ በኩል 21 ኪሎ ሜትር ያህል ዳገት ነው። ከመነሣታችን በፊት ግን ተቀምጠን ተነጋገርን። መኪናው በየ5 ኪሎ ሜትሩ ሰፊ ቦታ ላይ ቆሞ ይጠብቃል፤ ጃኬት፣ ጓንትና ስልክ ከብስክሌተኛው አይለዩም፤ ሰማዩ ከጠቆረ ያለ ክርክር እንመለሳለን። አልሐምዱሊላህ፣ ቀኑ ብራ ሆኖልን ባለቤቴ አናቱ ላይ ደረሰች። በየማረፊያው ውኃ ይዤ ስጠብቃት፣ የመጠበቅን ዳገት እኔም ቀመስኩት።

ቁልቁለቱን በመኪና ወረድን። ፍሬን ሲረገጥ ከዋለ ግሎ መያዝ ይሳነዋልና ዝቅ ባለ ማርሽ፣ በሞተሩ ጉልበት እየተገታን ነበር። በብስክሌት የሚወርድም ፍጥነቱን የሚቀንሰው መታጠፊያው ላይ ሳይሆን ከመታጠፊያው በፊት ነው።

ዐረቦች «ከመንገዱ በፊት ባልንጀራውን» ይላሉ። እኔ ባልንጀራዬን ከመረጥኩ ዓመታት አልፈዋል፤ የዘነጋሁት እሷን መጠየቅ ነበር። እናንተም ባልና ሚስት ሆናችሁ ወደ ተራራ አገር ስትጓዙ የት እንደምትጠባበቁ፣ ምን እንደምትይዙና መቼ እንደምትመለሱ ከቤት ሳትወጡ ተስማሙ። በሚቀጥለው ወር እስክንገናኝ በሰላም ቆዩን።