ጋሻ ከላይ ሲታይ፣ ጋሻ ከታች ሲለካ

ወደ ባሕር ዳር በአውሮፕላን የሚጓዝ ሰው፣ ቀኑ የጠራ ከሆነ የጮቄን ተራራ ማየት ይችላል። የሥነ ምድር ባለሙያዎች ጮቄን ከጋሻ መሰል እሳተ ገሞራዎች ይመድቡታል። ከ22 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ቀጭን የቀለጠ ዓለት ደጋግሞ እየፈሰሰ የተነባበረበት በመሆኑ፣ ቁመቱ ከ4,000 ሜትር ቢያልፍም ከላይ ሲያዩት መሬት ላይ የተደፋ ጋሻ ይመስላል። ወንዞቹ ከመካከሉ ተነሥተው ዙሪያውን ይወርዳሉ። መልኩን ያየ ታሪኩን ለመገመት አይቸገርም።

ወደ ጋምቤላ ስበር ግን ይህ ዘዴ አላዋጣኝም። የኢሉባቦር ደጋ ካለቀ በኋላ ምድሩ ወደ 500 ሜትር ገደማ ወርዶ ሜዳ ይሆናል። በበጋ ከመስኮት ሲታይ ባዶ ይመስላል።

አያቶቻችን ጋሻን የመሬት መለኪያም አድርገውት ነበር፤ አንድ ጋሻ 40 ሔክታር ያህል ነው። በጥቅምት 2003 ዓ.ም. መንግሥት ካሩቱሪ ለተባለው የህንድ ኩባንያ በጋምቤላ 100,000 ሔክታር፣ ማለትም 2,500 ጋሻ፣ ለ50 ዓመት አከራየ። ኪራዩ በሔክታር በዓመት 20 ብር ነበር።

ሜዳው ግን ባዶ አልነበረም። አኙዋኩ ጎርፉ ሲሸሽ የወንዙን ዳር ያርሳል፤ ኑዌሩ ክረምት ወደ ከፍታው፣ በጋ ወደ ወንዙ ከብቱን ይነዳል። ከደጋው የሚወርደው ባሮም በየዓመቱ ድርሻውን ይጠይቃል። በ2004 ዓ.ም. መባቻ ጎርፍ የመጀመሪያውን የበቆሎ ምርት እንዳወደመበት ኩባንያው ራሱ አስታወቀ። በታኅሣሥ 2008 ዓ.ም. መንግሥት የለማው መሬት እጅግ ጥቂት ነው ብሎ ውሉን ሰረዘ፤ ኩባንያው ውሳኔውን ተቃወመ።

ነገሩን የጎርፍ ዕዳ ብቻ አድርጎ ማለፍ አይገባም። ስህተቱ ከውሉ በፊት የተሠራ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 አርሶ አደሩም ሆነ አርብቶ አደሩ ከመሬቱ ያለመነቀል መብት እንዳለው ይደነግጋል። መብቱ አጥር ወይም የካርታ መስመር ላለው ብቻ አልተሰጠም። በዓመት አራት ወር የሚረገጥ የግጦሽ መሬትም ባለመብት አለው። ይህን የሚያውቀው ደግሞ እዚያው የሚኖረው ሰው እንጂ ሳተላይት አይደለም።

ኢንቨስትመንት አያስፈልግም የሚል ክርክር የለኝም። ነገር ግን ማንኛውም የመሬት ውል ከመፈረሙ በፊት መሬቱ በበጋም በክረምትም ይታይ፤ ነዋሪው ይጠየቅ፤ መልሱም በጽሑፍ ከውሉ ጋር ይያያዝ። ጮቄ ለሚሊዮን ዓመታት ካለበት አልተንቀሳቀሰምና ከአየር አንድ ጊዜ ቢታይ ይበቃው ይሆናል። ጋምቤላን ግን ወርዶ ማየት ያስፈልጋል።