ወይኑ መብራት አይፈልግም

ኮልፌ ቀራንዮ ውስጥ፣ በቤቴል፣ በአየር ጤናና በዓለም ባንክ ከሚሠሩት አዳዲስ ቪላዎች በአንዳንዶቹ ምድር ቤት ወይም ሳሎን ጥግ የወይን መደርደሪያ አለ። ከጂፕሰሙ ሥር ነጭ ኤል ኢ ዲ ይዘረጋል፤ ጠርሙሶቹ እንደ ወርቅ ቤት መስኮት ቀን ከሌት ያበራሉ። እንግዳ ያደንቃል፤ ባለቤቱም ይደሰታል። ወይኑ ግን እየተበላሸ ነው።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ወይን ውስጥ ሪቦፍላቪን ወይም ቫይታሚን ቢ2 አለ። አልትራቫዮሌትና ሰማያዊ ብርሃን ሲያገኘው በወይኑ ካሉ አሚኖ አሲዶች ጋር ተዋህዶ ድኝ ያለባቸው ውህዶች ይፈጥራል። ሽታው የተቀቀለ ጥቅል ጎመን ወይም የረጠበ ሱፍ ይመስላል። በጠራ ጠርሙስ ያለ ነጭ ወይንና ሮዜ ጠንካራ ብርሃን ሥር በቀናት፣ አንዳንዴም በሰዓታት ይጎዳል። ቀይ ወይንና ጥቁር ጠርሙስ የተሻለ ይችላሉ። የፈረንሳዩ ሉዊ ሮደረር ክሪስታል የሚባለውን ሻምፓኙን በሴሎፎን ጠቅልሎ የሚሸጠው ጠርሙሱ የጠራ ስለሆነ ነው።

ታዲያ ምን ዓይነት መብራት ይመረጥ? ካርቶኑ ላይ 2700 ኬልቪን ወይም ከዚያ በታች የሚል፣ ወደ ቢጫ የሚያደላ ኤል ኢ ዲ። ነጩ ኤል ኢ ዲ ሰማያዊ ብርሃኑ ይበዛል፤ ፍሎረሰንት አልትራቫዮሌት አለው፤ የድሮው አምፖል ደግሞ ክፍሉን ያሞቃል። መብራቱ ጠርሙሱ ላይ ሳይሆን ወለሉ ላይ ይውረድ፤ በር ሲከፈት በርቶ ሲዘጋ ይጥፋ። 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች አዲስ አበባ ለምድር ቤቱ ቅዝቃዜን በነፃ ሰጥታለች፤ በመብራት ሙቀት ማባከኑ ያሳዝናል።

«ካልታየ ለምን ተገዛ?» የሚል አይጠፋም። እውነት አለው፤ ወይን የክብር ዕቃም ነው። እንግዲያው ቡፌው ላይ ባዶ ጠርሙስ ይብራ፤ ሙሉው ጨለማ ውስጥ ይቀመጥ።

ጉዳዩ ከአንድ ቪላ ያልፋል። ግሮሰሪዎችም ወይን ፀሐይ በሚመታው መስታወት ሥር ይደረድራሉ። ገዢው ከፍቶ ቀምሶ ፊቱን ሲያጨማድድ የሚወቅሰው ባለሱቁን ሳይሆን «የሀገር ውስጥ ወይን» የሚለውን ነው። አዋሽ ወይን ጠጅም ሆነ ሌላው የሀገር ውስጥ አምራች መደርደሪያው ላይ በጠፋ ጣዕም ይፈረድባቸዋል። ባለሱቁ መጋረጃ ቢሰቅል ወይም ጠርሙሱን ከመስኮት ቢያርቅ ምንም አያጣም።

ጠጅ የሚጥሉ እናቶች ሪቦፍላቪን የሚለውን ቃል አልሰሙም። ጋኑን ግን ሳሎን አላስቀመጡትም። ጓዳ አስገብተው፣ አፉን ከድነው፣ ሲፈለግ ብቻ ነበር በሩን የሚከፍቱት። በመቶ ሺዎች ብር ምድር ቤት የሚያስገነባ ሰውም ከዚያ ጓዳ የሚማረው አለ።