ከሶዶ ተነስቶ ኬንያ የገባው ኃይል የሁምቦ ምድጃ ላይ መቼ ይደርሳል?

ከወላይታ ሶዶ ተነስቶ ኬንያ ውስጥ ሱስዋ ከሚባል ቦታ የሚደርስ፣ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም የከፍተኛ ኃይል መስመር አለ። እስከ 2,000 ሜጋ ዋት እንዲሸከም ታስቦ የተዘረጋ ሲሆን ኬንያ እ.ኤ.አ ከ2022 መገባደጃ ጀምሮ በዚሁ መስመር ከኢትዮጵያ ኃይል ትገዛለች። በወላይታና በዳውሮ መካከል ደግሞ የኦሞን ወንዝ የገደበው ጊቤ 3 አለ፤ ከፍታው 243 ሜትር፣ የማመንጨት አቅሙ 1,870 ሜጋ ዋት ነው።

በዚሁ ዞን ጠዋት መንገድ የወጣ ሰው ግን መጀመሪያ የሚያየው የማገዶ ሸክም ያጎበጣቸውን ሴቶች ነው። መምህር በነበርኩበት ጊዜ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ካለቀ በኋላ የሚደርሱ ልጃገረዶች ነበሩ። «አርፋጅ» ተብለው ይመዘገባሉ። እንጨት ለቅመው እንደሚመጡ ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ የሚጠይቅ ግን አልነበረም፣ እኔንም ጨምሮ።

በአገር ደረጃ ከአሥር ቤተሰብ ዘጠኙ ገደማ አሁንም የሚያበስለው በእንጨት፣ በከሰል፣ በኩበትና በሰብል ተረፈ ምርት ነው። የአየር ንብረት ፖሊሲያችን የሚቆጥረው ደግሞ ሜጋ ዋትና ችግኝ ነው። ሁለቱም ያስፈልጋሉ፤ ምድጃውን ግን የሚቆጥረው የለም።

ጉዳዩ በግልጽ የሚታየው ከሶዶ ወደ አርባ ምንጭ በሚወስደው መንገድ፣ ሁምቦ ላይ ነው። የሁምቦ ተራራ በማገዶ፣ በከሰልና በልቅ ግጦሽ ተራቁቶ፣ ዝናብ በመጣ ቁጥር አፈሩ ወደ ሜዳው ይወርድ ነበር። እ.ኤ.አ ከ2006 ጀምሮ በወርልድ ቪዥን ድጋፍ 2,728 ሄክታር መሬት ተከለለ፤ ጥበቃውንም ሰባት የገበሬ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ተረከቡት። ብልሃቱ ቀላል ነበር። ከመሬት በታች ሥሩ ያልሞተውን ጉቶ እየገረዙ ጠንካራውን ቅርንጫፍ ማሳደግ ነው። በአብዛኛው ቦታ አዲስ ችግኝ እንኳ አላስፈለገም።

ፕሮጀክቱ እ.ኤ.አ በ2009 መጨረሻ በተባበሩት መንግሥታት የንጹሕ ልማት ሥርዓት ተመዘገበ። በ30 ዓመት ውስጥ 880,000 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያስቀራል ተብሎ ተገምቷል፤ ከዚህ ውስጥ የ165,000 ቶኑን ለመግዛት የተዋዋለው የዓለም ባንክ ባዮካርቦን ፈንድ ነው። ማኅበራቱ ከገቢው የእህል መጋዘንና ወፍጮ ሠርተውበታል። በአፍሪካ ለዚህ ዓይነቱ ሥራ ፈር ቀዳጅ የሆነው ይህ የወላይታ ተራራ ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ የተራራው በር ሲዘጋ እንጨቱ ከየት ይመጣል የሚለው ነው። ቤቱ የሚበስለው ያው ጎዳሬ፣ ያው ቦዬ፣ ያው ስኳር ድንች ከሆነ፣ ሴትየዋ ወደ ሌላ ያልተከለለ ቁልቁለት መሄዷ አይቀርም።

ይህ ጥያቄ አዲስ አይደለም። የፊቅህ መጻሕፍት ለሕዝብ ጥቅም ከግጦሽ የተከለለ መሬትን «ሒማ» ይሉታል። ኸሊፋ ዑመር (ረ.ዐ) የሒማውን ጠባቂ ጥቂት ከብት ያላቸውን ድሆች እንዲያስገባ፣ የታወቁትን ባለሀብቶች ከብት ግን እንዲከለክል ማዘዛቸው ተዘግቧል። ሀብታሙ ከብቱ ቢያልቅበት ሌላ ንብረት አለው፤ ድሃው ቢያልቅበት ልጆቹን ይዞ ወደ ኸሊፋው ደጅ ይመጣል። መከለሉ ትክክል ሆኖ ሳለ፣ ሸክሙ በማን ላይ እንደሚወድቅ አስቀድሞ ታስቦበታል። የእኛ ፖሊሲ ይህን ሁለተኛውን ግማሽ ይዘላል።

የኤሌክትሪክ ታሪፉን እንመልከት። ከመስከረም 2017 ዓ.ም ጀምሮ በአራት ዓመት ውስጥ በየሦስት ወሩ እየጨመረ የሚሄድ ማሻሻያ በሥራ ላይ ነው። ዝቅተኛው እርከን በወር እስከ 50 ኪሎ ዋት ሰዓት ለሚጠቀም ቤት ነው። 2 ኪሎ ዋት የሚስብ ምድጃ በቀን አንድ ሰዓት ብቻ ቢበራ፣ አምፖሉ ሳይቆጠር በወር 60 ይሆናል። አምፖል ብቻ የሚያበራው ድሃ ይደጎማል፣ ከእንጨት ወደ ኤሌክትሪክ የሚሻገረው ግን ከእርከኑ ይወጣል ማለት ነው። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ለመከልከል በ2016 ዓ.ም የታየው ቁርጠኝነት ለምድጃ ሲሆን አይታይም።

ለማብሰያ የሚውለው ኃይል ለብቻው ዝቅተኛ ታሪፍ ቢኖረው፣ ቢያንስ መስመሩ በደጃቸው ለሚያልፍ ቀበሌዎች፣ ከኬንያው ሽያጭ ጋር ሲነጻጸር ከባድ ወጪ አይመስለኝም። ሽያጩ ይቁም እያልኩ አይደለም፤ አገሪቱ የውጭ ምንዛሪ ያስፈልጋታል። መብራት ገና ላልደረሳቸው ደግሞ የተሻሻለ የእንጨት ምድጃ አለ። ነገር ግን በሰፊው የተሠራጨው «ምርጥ ምድጃ» የተነደፈው ለእንጀራ ነው። ጎዳሬና ቦዬ ግን በድስት ረጅም ሰዓት መቀቀልን ይፈልጋሉ። የወላይታን ድስት ለክቶ ምድጃ መንደፍ ለወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ የሚያቅት ሥራ አይደለም።

አዲስ አበባ እ.ኤ.አ በ2027 32ኛውን የዓለም የአየር ንብረት ጉባኤ ታስተናግዳለች። ሁምቦና ጊቤ 3 ለእንግዶች የሚነገሩ ታሪኮች እንደሚሆኑ እገምታለሁ፤ ይገባቸዋልም። እስከዚያ ድረስ ግን የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ከሶዶ ጽሕፈት ቤቱ ሳይርቅ፣ የሰባቱን ማኅበራት አባላት ቤት ለቤት ዞሮ «ትናንት እራት በምን ተቀቀለ?» ብሎ ይጠይቅ፤ መልሱንም ከሄክታሩ አጠገብ ይመዝግብ።