ወዳጅን በኪራይ ገበታ ስለ መጋበዝ

በዚህ ጽሑፍ የማነሣው ነገር ለአንዳንዱ አንባቢ ጥቂት መስሎ ይታየው ይሆናል፤ ስለ ምሳ ነውና። ነገር ግን ሰው ከማን ጋራ፥ በማን ቤትና በምን ልብ እንደሚበላ ማወቅ የኑሮውን ሥር ማወቅ ስለ ሆነ፥ እንደ ተራ ነገር አልቈጥረውም። ክርክሬም ከምግብ ቤቶች ጋራ ሳይሆን ከእኛው ከጋባዦቹና ከተጋባዦቹ ጋራ መሆኑን አስቀድሜ እናገራለሁ።

ከዋሸራ ቅኔ ቤት ዠምሮ የማውቀው አንድ ወዳጅ አለኝ። በተማሪነታችን ዘመን አኩፋዳችን ሁለት ቢሆን ገበታችን አንድ ነበረ። እርሱ በአንዱ መንደር፥ እኔ በሌላው መንደር «በእንተ ስማ ለማርያም» ብለን ለምነን ያገኘነውን ቍራሽ በአንድነት እናፈሰው ነበር። የደረቀውን ኮቾሮ በውሃ አርሰን ስንበላ የማን ድርሻ በዛ ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ዛሬ እርሱ በአዲስ አበባ በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሓፊ ነው፤ እኔም በዚያው ከተማ አስተምራለሁ።

ባለፉት ሁለት ዓመታት አራት ጊዜ ተገናኝተናል። አራቱንም ጊዜ የተገናኘነው በአንድ ስም በየሰፈሩ ቅርንጫፍ በከፈተ ምግብ ቤት ነው። ሰፈሩ ቢለወጥም ወንበሩ ያው፥ በግድግዳው ላይ ያለው ሥዕል ያው፥ የምግቡ ዝርዝርና የዘፈኑ ጩኸት ያው ስለ ሆነ፥ በአራተኛው ቀን በየትኛው ሰፈር እንዳለሁ ለማወቅ በመስኮት አሻግሬ መመልከት ግድ ሆነብኝ። ምግቡ አልከፋም። አስተናጋጇም ትሑት ልጅ ናት፤ ሳሕናችን ባዶ በሆነ ጊዜ ፈጥና አነሣችው፥ ሒሳቡንም አመጣች። በደጅ ባዶ ወንበር የሚጠባበቁ ሰዎች ቆመው ነበርና ፈጥነን ተነሣን። ከመነሣታችንም በፊት «እኔ ልክፈል»፥ «የለም፥ እኔ ልክፈል» ተባብለን ብዙ ታገልን፤ በዚህም ትግል ፍቅራችንን የገለጥን መሰለን።

ከዚህ በኋላ ሳምንት ሳይሞላ ከሌላ ሰው አንድ ነገር ሰማሁ። የወዳጄ ባለቤት ታማ ከአልጋ ከዋለች ዓመት አልፏታል። እኔ አራት ጊዜ «ቤተ ሰብ እንዴት ነው?» ብዬ ጠይቄው ነበር፤ እርሱም አራት ጊዜ «እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ መልሶልኝ ነበር። ጥያቄውም መልሱም እንደ ምግቡ ዝርዝር በየቅርንጫፉ አንድ ዓይነት ሆኖ ኖሯል።

በመጀመሪያ በእርሱ ተቈጣሁ። ኋላ ግን ራሴን ስመረምር የምቈጣበት ምክንያት አጣሁ። እኔስ በሁለት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን «ቤቴ ና» ብዬው ነበርን? አላልሁትም። የተከራየሁት ቤት ሁለት ክፍል ነው፤ ጣራው በክረምት ያፈሳል፤ ከወንበሮቹም አንዱ እግሩ የተሰበረ ነው። ይህን እንዳያይብኝ ፈራሁ። እርሱ ሐዘኑን፥ እኔ ድኽነቴን ሸሽገን፥ ሁለታችንም መሸሸጊያውን በገንዘብ ተከራየን።

የቅኔ ልጅ ነኝና ነገሩን በሰምና በወርቅ ልግለጠው። «አንድ ቀን ወጥተን ምሳ እንብላ» የሚለው የዛሬ ቃል ሰሙ ግብዣ ነው፤ ወርቁ ግን «ቤቴ አትምጣ» ማለት ነው። ሁሉ ሰው እንዲህ ያስባል አልልም። ነገር ግን ይህን ቃል በተናገርሁ ጊዜ ሁሉ ወርቁ ምን እንደ ነበረ እኔ ራሴ አውቀዋለሁ፤ አንባቢም የራሱን ይመርምር።

ምግብን በገንዘብ መብላት በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። እቴጌ ጣይቱ በአዲስ አበባ ሆቴል ባቆሙ ጊዜ መኳንንቱ እህልን በገንዘብ ገዝቶ መብላት ነውር መስሏቸው እንደ ቀሩ፥ ዐፄ ምኒልክም እነርሱን ለማልመድ ራሳቸው ሄደው በልተው እንደ ከፈሉ ሲነገር እንሰማለን። እንግዲህ የዘመኑን መገለባበጥ ተመልከት። አባቶቻችን በገንዘብ መብላትን ያፍሩ ነበር፤ እኛ ግን ያለ ገንዘብ ማብላትን እናፍራለን።

በአንድ ስም ብዙ ቅርንጫፍ የመክፈት ሥራ ያደገው በአሜሪካ ነው። በኤውሮጳ አቈጣጠር በ1948 ዓ.ም. በካሊፎርኒያ በሳን በርናርዲኖ ከተማ ማክዶናልድ የሚባሉ ሁለት ወንድማማች ምግብ ቤታቸውን ዘግተው እንደ ገና አደራጁት። የምግቡን ዝርዝር ወደ 9 ዓይነት ቀነሱ፤ ሳሕንና ሹካን አስቀርተው ምግቡን በወረቀት ጠቀለሉ፤ አንዱን ሃምበርገር በ15 ሳንቲም ሸጡ። ደንበኞቻቸው በመኪና የሚመጡ መንገደኞች ነበሩና ፈጥኖ ማብላት ፈጥኖ ማሰናበት ነበር። ደግሞ በ1958 ዓ.ም. በዚያው አቈጣጠር በካንሳስ በዊቺታ ከተማ ካርኒ የሚባሉ ሁለት ወንድማማች ከእናታቸው 600 ዶላር ተበድረው ፒዛ ሃትን ከፈቱ፤ የዚህም ቤት ቅርንጫፍ በእኛ አቈጣጠር በ2010 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ። እኔና ወዳጄ የተቀመጥንበት ግን የአገር ልጅ ያቆመው ቤት ነው፤ ሥርዐቱ ብቻ የተወረሰ ነው።

እነዚህ ሰዎች ዐሳባቸውን አልሸሸጉም። ምግብ እንሸጣለን አሉ፥ ሸጡም። የወዳጅህን ልብ እንከፍትልሃለን ብለው የማሉልን ጊዜ የለም። ስለዚህ ነጋዴውን መክሰስ ግፍ ነው። እንዲያውም ምስጋና የሚገባው ነገር አለው። ዋጋው ለሁሉ እኩል ተጽፏል፤ በጥንቱ ግብር እንደ ማዕርግ ይቀመጡ እንደ ነበረ ድኻውን ከበታች፥ ባለጠጋውን ከበላይ አያስቀምጥም፤ ለተማሪና ለመንገደኛ፥ ቤት ለሌለውም ሰው የተከፈተ በር ነው። ነቀፋዬ ቤት እያለን ቤት እንደሌለን በምንሆን በእኛ ላይ ነው።

በዚህ የሚከራከሩኝ ሰዎች ሦስት ነገር ያነሣሉ። አንደኛው «ኑሮ ተወዷል፤ እንግዳ ማብላት አይቻልም» ይላል። ነገር ግን በዚያ ቤት ለሁለት ሰው ምሳ የሚከፈለው ገንዘብ ለቤተ ሰብ የስንት ቀን ሽሮ እንደሚሆን አስልቶ ይንገረኝ። ያስወደደው እንግዳው ሳይሆን ለእንግዳው ሥጋ ካልቀረበ ነውር ነው የሚለው ይሉኝታችን ነው።

ሁለተኛው «የዛሬ ቤት ጠባብ ነው» ይላል። እውነት ነው፥ ጠባብ ነው። ነገር ግን በቅኔ ቤት የነበረችን ጎጆ እግራችንን ዘርግተን የማንተኛባት ነበረች፤ ያን ጊዜ ያልጠበበን ስለ ምን ዛሬ ጠበበን? በአገራችን ባላገር መንገደኛ መሽቶበት ከደጅ ሲቆም «ቤት የእግዚአብሔር ነው፥ ግቡ» ይለዋል እንጂ ክፍሉን ቈጥሮ አይመልሰውም።

ሦስተኛው ክርክር ግን ከሁለቱ ይልቅ የከበደ ነው። «እንግዳ ቤት በመጣ ጊዜ ወንዶች ተቀምጠው ይጫወታሉ፤ በጢስ የምትቃጠለው ሚስት ናት፤ ምግብ ቤቱ እርሷን አሳርፏታል» ይላሉ። ይህ እውነት ነው፤ ለዚህ መልስ አለኝ ብዬ አልኰራም። እኔ የምለው ግን የሚስትን ሸክም ማቃለል የሚገባን እንግዳን በማስቀረት ሳይሆን የራሳችንን እጅ በማንሣት ነው። በተማሪነታችን እህሉን የምንፈጭ፥ ንፍሮውን የምንቀቅል፥ ውሃውን የምንቀዳ እኛው ወንዶቹ ነበርን። ማዕርግና ደመወዝ ባገኘን ጊዜ እጃችን ደረቀን? ወዳጅ ሲመጣ ጀበናውን የሚጥድ ባለቤቱ ራሱ ይሁን፤ ቆሎና ውሃ ብቻ ቢቀርብም ገበታ ነው።

ቤት አፍ አለው። በአልጋው፥ በመድኀኒቱ ጠርሙስ፥ በግድግዳው ስንጥቅ፥ ባለቤቱ ያልተናገረውን ሁሉ ይናገራል። የኪራይ ገበታ ግን ዲዳ ነው፤ ከእኛ በፊት የተቀመጠውን አያውቅም፥ ከእኛ በኋላ የሚቀመጠውንም አይጠይቅም። ስለዚህ ከዚያ ገበታ ላይ የወዳጅህን ችግር ሳታውቅ ብትነሣ አትደነቅ፤ የምታውቅበትን ስፍራ አንተው ዘግተኸዋልና።

ወሬውን በሰማሁ በማግሥቱ ሳልጠራ ወደ ወዳጄ ቤት ሄድሁ። በሩን ከፍቶ ባየኝ ጊዜ ፊቱ ጠቈረ፤ የሚናገረውም ጠፋው። በዚህ መካከል ባለቤቱ ከተኛችበት ድምፄን ሰምታ «መሪጌታ ናቸው? ምን በር ላይ አቆምሃቸው፥ ይግቡ እንጂ» አለች። ገባሁ። ከአልጋዋ አጠገብ በሣጥን ላይ ተቀመጥሁ። ወዳጄ ሽሮ ሠርቶ አቀረበ፤ ጨው በዝቶበት ነበር። ሦስታችንም ከአንድ ትሪ በላን፤ እርሷን እርሱ እያጐረሳት። ለመነሣት ያስቸኰለን ሰው ስላልነበረ እስኪመሽ ቆየሁ፤ በዚያም ምሽት በአራት ምሳ ያልነገረኝን ሁሉ ነገረኝ። የሐኪም ቤቱን ዕዳ ነገረኝ፤ ሌሊት ብቻውን እንደሚያለቅስም ነገረኝ። ስወጣ ሒሳብ የጠየቀን የለም። ዕዳ ግን ይዤ ወጣሁ፤ የሁለት ዓመት ዕዳ ነው፤ እርሱንም የምከፍለው በመመላለስ ነው።

በመጪው እሑድ ደግሞ እርሱ እኔ ዘንድ ይመጣል። ጣራው እስከ ዛሬ አልተሠራም፤ ወንበሩም እንደ ተሰበረ ነው። ክረምት ነውና ዝናሙ ከመጣ ሁለታችንም ወንበራችንን ወደ ጥጉ እናስጠጋለን።